አንብቤና ተረድቼ ፈርሜያለሁ

ለክቡር አቶ ማዱካር ፑራንድሬ፣
የሳንጅ ቻያ የቤቶች ማኅበር ዋና ጸሐፊ፣
ፑኔ

ግልባጭ፦ ከደረጃው ሥር ላለው የማስታወቂያ ሰሌዳና በዚያ ለሚያልፍ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ሰባት ቁጥር ቤት፣ ስለ ተከራዬና ስለ ፊርማዬ

ክቡር ሆይ፣

በዚህ የግንቦት ሙቀት ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የጉልበትዎ ሕመም ቀንሶልዎት፣ ባለቤትዎም በርትተውልዎት፣ የቢሮዎ ማራገቢያም ሳይቆም እየዞረልዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አንጃናባይ ጋዴ፣ በባቡር ጣቢያው በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የመስታወት አምባር የሸጥኩትና ለሁለቱ ሴቶች ልጆችዎ የሠርጋቸውን አረንጓዴ አምባር በእጄ ያጠለቅኩላቸው፣ ደህና ነኝ። ይህ ደብዳቤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ፣ መስመሬም ቁልቁል ቢወርድ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ እርስዎ የሰው ቤት የሚያፈርስ ወረቀት አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሲጨርሱ ስላየሁ፣ ችሎታዎን ላደንቅ ፈልጌ ነው።

በሰሌዳው በኩል የሚያልፉ ሰዎች ነገሩ ግራ እንዳይገባቸው ትንሽ ላስረዳ። ሰባት ቁጥር ቤት የእኔ ነው። ከአምባር ትርፌ ቆጥቤ የገዛሁት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሲሆን፣ እኔ ራሴ በወንዙ ዳር ባለችው አሮጌ ክፍሌ እኖራለሁ፤ ጉልበቴ ለገበያ ከደከመ ወዲህ የምበላው ከኪራዩ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት በቤቱ የምትኖረው ሬሽማ ታንዴል ትባላለች። ከባሕር ዳርቻው አገር የመጣች፣ ከባሏ የተለያየች፣ በሕፃናት ማዋያ የምታስተምር ሴት ናት፤ ስድስት ዓመት የሆናት ኦቪ የምትባል ልጅ አለቻት። እኔን በስልሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝ ይህች ሬሽማ ናት። ይህን ነገር እባክዎ ይያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያ የማመሰግንዎት በመግቢያው ላይ ስለተሰቀለው የስም ሰሌዳ ነው። የማኅበርዎ ደንብ ተከራይ በሰሌዳ ላይ ስሙ እንዲጻፍ ስለማይፈቅድ፣ አንድ ሌሊት እንኳ ያላደርኩበት ቤት አንጻር የእኔ ስም በቢጫ ቀለም ተጽፎ ይታያል። በየማለዳው ከበሯ እስከ ደረጃው ግርጌ ጠርጋ የምትወርደው ሴት ግን በዚህ ሕንፃ ውስጥ ስም የላትም፤ ፖስተኛውም ደብዳቤዋን ይዞ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ሰሌዳው ላይ ስሜ መኖሩን ያወቅሁት በእሷ ነው። ጣቴን ይዛ ፊደሎቹን እያስነካች፣ እንደ አክስቷ ጠርታኝ፣ «ካኩ፣ ይቺ አንቺ ነሽ» አለችኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል የራሴ ስም ሆነ፤ ያነበብኩትም የእሷ ስም ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ነው። ያን ቀን በጣም ደስ ስላለኝ ይህን አላሰብኩትም።

፪. ሁለተኛ፣ ተከራዬን ለመመርመር ስለደከማችሁት ድካም ምስጋናዬ የላቀ ነው። አምስት የተከበሩ የማኅበሩ ኮሚቴ ወንዶች የእሑድ ዕረፍታቸውን ሠውተው አንዲት ሴት ባሏ የት እንደሄደ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ወንድ ማን እንደሆነ፣ በድስቷም ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁ። ሰውየው ወንድሟ እንደሆነ፣ ከአገራቸው የደረቀ ዓሣ እንደሚያመጣላትም አንገቷን ደፍታ መለሰች። እርስዎም በዚያ በሚያስቀው አነጋገርዎ፣ ዓሣው የማኅበሩን አባልነት ክፍያ ሳይከፍል እስከ ሦስተኛ ፎቅ እየወጣ ነው አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ሳቅሁ። ሳቄ አልበቃ ብሎኝ፣ መስኮት እንድትከፍት ሁልጊዜ እመክራታለሁ ብዬ ጨመርኩ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ዓሣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ጋር የምበላው እኔ ነኝ። አጥንቱን እየለቀመች የምታጎርሰኝም እሷ ነበረች።

፫. ሦስተኛው ምስጋና ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ስለሰጡኝ ምክር ነው። ቤቱን በገዛሁ ሰሞን፣ ውል ስትጽፊ ከአሥራ አንድ ወር አታሳልፊ፣ አሥራ ሁለት ከሞላው ተከራይ ሥር ይሰዳል ብለው መከሩኝ፤ ውሉን ለማስመዝገብም መንገላታት እንደማያስፈልግ አከሉበት። እኔም እንዳሉኝ ሆንኩ። በየአሥራ አንድ ወሩ ወደ ፍርድ ቤቱ አጥር እሄዳለሁ፤ በዛፉ ሥር የጽሕፈት መኪናውን ዘርግቶ የሚተይበው ሰው የአምናውን ውል አውጥቶ ስም ብቻ እየለወጠ በቴምብር ወረቀት ላይ ይገለብጥልኛል። አንድ ዓመት ስሙንም መለወጥ ረስቶ፣ ሬሽማ ስድስት ወር ሙሉ የቀድሞው ተከራዬ የጡረተኛው መካኒክ ሆና ኖራለች። ሁለታችንም ስቀንበት ነበር።

ሳቁ የቆመው በዚህ ዓመት ነው። ለኦቪ በአቅራቢያችን ባለው በጥሩው ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የምትማርበት ቦታ በዕጣ ወጣላት። በሰፈሩ ስንት ልጅ ተመኝቶ ያጣው ዕጣ ነው። ትምህርት ቤቱ የመኖሪያ ማስረጃ ጠየቀ፤ ሬሽማ የእኔን ውል ይዛ ሄደች፤ ጸሐፊዋ ወረቀቱን ገልብጣ አይታ ያልተመዘገበ ውል እንደማትቀበል፣ የተመዘገበ ካልመጣም በአሥር ቀን ውስጥ ቦታው ለሌላ ልጅ እንደሚተላለፍ ነገረቻት። ለካስ በግዛታችን ሕግ የኪራይ ውል ወሩ ቢያንስም ቢበዛም መመዝገብ አለበት፤ የማስመዝገቡም ግዴታ የተከራይ ሳይሆን የአከራይ ነው። የአከራይ ማለት የእኔ። ሬሽማ አምና ይህንኑ ከጋዜጣ ላይ አንብባልኝ እንደነበረ ትዝ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «እኛ ያልተማርን ሰዎች ምን እናውቃለን» ብዬ ነገሩን አለፍኩት። ያኔ ፊደል ቆጥሬ ጨርሼ ነበር። አለማወቅ ሠላሳ ዓመት የተኛሁበት ትራስ ስለሆነ መልቀቁ ከበደኝ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም የሚባለው በእኔ ደረሰ።

፬. አራተኛው ለሻይው ነው።

ቤት ለማከራየትም ሆነ ውል ለማስመዝገብ ማኅበሩ ተቃውሞ የለኝም የሚል ደብዳቤ መስጠት አለበት ብለው ስላስለመዱን፣ በማግስቱ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። የመጣሁበትን ጉዳይ፣ የልጅቱን ዕጣና የቀሩትን ቀኖች አንድም ሳላስቀር ነገርኩዎት። በደስታ ተቀበሉኝ፤ ወንበር አስመጡልኝ፤ ሻይ አዘዙልኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም በሁለት ቅጂ የተጻፈ ወረቀት አቀረቡልኝና፣ እንደ ቀድሞው ልማዴ የአውራ ጣት ቀለም ያለበትን ሰሌዳ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

እኔ ሰሌዳውን መልሼ ገፋሁት። እስክርቢቶ ስጡኝ አልኩ።

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። እርስዎም፣ «ካኩ፣ የተለመደው ነው፤ እኛ አንብበነዋል፣ አንቺ አትቸገሪ» አሉኝ። ወረቀቶቹን ማንበብ እችል ነበር። ነገር ግን እኔ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቴም በመስመሩ ላይ ይሄዳል፣ እንደ ኦቪ ፊደል በፊደል እየጎተትኩ ነው የማነበው። በአምስት የተማሩ ወንዶች ፊት እንደዚያ ልታይ አፈርኩ። ስሜን ግን አሳምሬ እጽፋለሁ፤ ሬሽማ አንድ ክረምት ሙሉ አለማምዳኛለች። እስክርቢቶውን ይዤ ፈጠን ብዬ በሁለቱም ላይ ፈረምኩ። ገንዘብ ያዡ አጨበጨበ። እርስዎም «ካኩ ተምራለች» ብለው ሁለተኛ ሻይ አስመጡልኝ። ወደ ቤቴ የሄድኩት እንደ ሙሽራ እየተራመድኩ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በኋላ ያወቅሁትን ነገር እርስዎ ቀድመው ያውቁት እንደነበር አልጠራጠርም። በአውራ ጣቴ ብፈርም ኖሮ፣ እንደ ልማዱ አንድ ሰው ወረቀቱን ጮክ ብሎ ሊያነብልኝ፣ መነበቡንም ምስክር ሊፈርምበት ግድ ነበር። ፊደል ሳላውቅ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ እንደዚያ ተነቦልኛል። ሳይነበብልኝ የቀረው በተማርኩ ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሕንፃው ዘበኛ የታሸገ ፖስታ ሰጠኝ። የጠየቅሁት ደብዳቤ መስሎኝ፣ ሁለት የበሰሉ ማንጎዎች ገዝቼ፣ ምሥራች ይዣለሁ እያልኩ ወደ ሰባት ቁጥር ወጣሁ። ፖስታውን በእጄ ሰጠኋት። ሬሽማ ቆማ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረች። ኦቪ ማንጎውን እያሸተተች መቼ እንደሚላጥ ትጠይቃለች።

ቀጥሎም ሬሽማ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችና በጣቷ ታች ላይ አሳየችኝ። «ካኩ፣ የመጨረሻዋን መስመር አንብቢልኝ» አለችኝ።

አነበብኩላት። ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ፣ ጣቴ እየሄደ፦ «ተከራይዋ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቤቱን እንድትለቅልኝ የምጠይቀው ያለማንም ግፊት ሲሆን፣ ይህንንም አንብቤና ተረድቼ ፈርሜያለሁ።» ከሥሩም ስሜ አለ፤ ክረምቱን ሙሉ ያለማመደችኝ፣ ያማረው ስሜ።

አንድም ቃል አልተሳሳትኩም። ሁለት ዓመት ስታስተምረኝ አንድ መስመር ሳታርመኝ ያለፍኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። እሷም እንደ ወትሮዋ፣ «ጎበዝ» አለችኝ። ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝና ለልጅቱ ማንጎ ልትልጥ ገባች።

በቁጥር የያዝኩት ምስጋና እዚህ ላይ አለቀ፤ የቀረው የእርስዎ ስላልሆነ አልቆጥረውም። እርስዎ ወረቀቱን ጽፈው ሊሆን ይችላል፤ ያላነበብኩት ግን እኔ ነኝ። በዓሣው የሳቅሁት እኔ ነኝ። ውሉን ሳላስመዘግብ በየዓመቱ ብልጠት አድርጌ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሴት እጅ ይዣለሁ፤ አንድ ጊዜ ጨበጥ አድርጌ የትኛው አምባር እንደሚሆናት የማውቅ ሴት፣ በእጄ የያዝኩት ወረቀት ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

ስለተፈጸመው ነገር ደግሞ ክቡርነትዎን ማሳወቅ ይገባኛል። በፍርድ ቤት ውስጥ ለድሆች በነጻ የምታማክረው ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቤት ለማከራየት ማኅበሩን ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ እንደማይጠበቅብኝ፣ የመዝገብ ጽሕፈት ቤቱም ከእርስዎ ምንም ደብዳቤ እንደማይፈልግ አስረዳችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ስለለመንኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። የማስለቀቅ ጥያቄዬን ባለፈው ማክሰኞ ጠበቃዋ በጻፈችልኝ ወረቀት ሰርዤ ቅጂውን ለዘበኛው ሰጥቻለሁ። ሐሙስ ዕለት ከሬሽማ ጋር ሄደን የሦስት ዓመት ውል አስመዘገብን። የመዝገቡ ሹም በማሽን ላይ አውራ ጣቴን ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ ላንብብ አልኩት። ከኋላችን የተሰለፉት አጉረመረሙ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ ጣቴን አስቀመጥኩ። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ትምህርት ቤቱ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ኦቪም ሰኔ ላይ ትምህርት ትጀምራለች።

ስለዚህ ሁሉም በመልካም አለቀ ብለው እንዳይደሰቱልኝ እለምናለሁ። ሬሽማ በውሉ ላይ የፈረመችው ስለ ልጅቷ ነው። ዛሬ ደረጃውን ስወጣ እንደ ድሮው «ካኩ፣ ነይ ግቢ» አትለኝም፤ «እመቤት፣ ይግቡ» ትለኛለች፤ ወንበር ታቀርብልኛለች፤ ኪራዩንም በቀኑ በሁለት እጇ ትሰጠኛለች። ተከራይ ለአከራይ ሊያደርግ የሚገባውን አንድም አላጎደለችብኝ። ቅዳሜ ግን አልጠራችኝም። ትምህርቱም ቆሟል። ይህን ደብዳቤ ያረመልኝ ስለሌለ፣ ስሕተቱ ሁሉ የእኔ ነው።

በመጪው እሑድ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ በሰባት ቁጥር አንጻር የሬሽማ ታንዴል ስም እንዲጻፍ፣ የእኔ ስምም እንዲነሣ። በስብሰባው ላይ ይህን ደብዳቤ ራሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበዋለሁ፤ በጣቴ መስመሩን እየተከተልኩ፣ ከንፈሬም እየተንቀሳቀሰ። ሊረዝም ስለሚችል ምሳ በልታችሁ ኑ። በዓሣው ላይ የሳቅሁበት ቦታ ስደርስ መሳቅ ለሚፈልግ ቆም እልለታለሁ።

ለጤናዎና ለረጅም ዕድሜዎ እየጸለይኩ፣ ለአሥራ አንድ ወር ብቻ ሳይሆን በሕይወት እስካለሁ የማልረሳዎት፣ በሁለት ሻይ የተገዛሁት የማኅበርዎ አባል፣

አንጃናባይ ጋዴ
(አንብቤና ተረድቼ ፈርሜያለሁ)

ከፊርማው በኋላ የታወሰ፦ ይህ ደብዳቤ ለመድረሱ ማረጋገጫ የእርስዎ ፊርማ ስለሚያስፈልገኝ፣ ዘበኛው ከዚህ ጋር የአውራ ጣት ቀለም ሰሌዳ ያቀርብልዎታል። እስክርቢቶ እንዳይጠይቁ አደራ። በጣትዎ ከፈረሙ መጀመሪያ ጮክ ብሎ የሚያነብልዎት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔም ከበሩ ውጭ ተቀምጬ እየጠበቅሁ ነው።