አንገቱን የሚደፋው ጊታር

ሰኞ፣ ኅዳር 3

የሁለት ጊታር ክር ቀየርኩ። የአንድ ቫዮሊን ስንጥቅ በኮላ ያዝኩ። ደህና ቀን ነበር... እስከ ምሳ ሰዓት። ታናሽ እህቴ ጊታሯን ይዛ ወደ መጠገኛዬ መጣች።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር አንገቱን ይደፋብኛል። እጄን ከለቀቅኩት አፍንጫው መሬት ነው።»

«ተይው፣ አየዋለሁ።»

ሰባት ዓመት የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው አሁን የምትቆመው። እዚያው ምግብ ቤት፣ እዚያው ባንድ፣ ከዚያው ድራመር ፊት። ድራመሩ ስለ እሷ ምን አለ? «እሷ ስትጫወት ሰው መጉረስ ይረሳል።» ስለ እኔስ ምን ይል ነበር? «ሰዓት ታከብራለች።»

ሰዓት...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጊታሩን አንግቼ ሁለት እጄን ለቀቅኩ። ራሱ ቁልቁል ወረደ። ገላው ቀላል እንጨት ነው፤ ራሱ ላይ ያሉት ስድስት መቃኛዎች ደግሞ ከባድ ብረት። ማንገቻው የሚያያዝባት ጉጥም ያለ ቦታዋ፣ አንገቱ ሥር ተሰክታለች። መድኃኒቱ ወዲያው ታየኝ፦ ጉጧን ነቅሎ ከገላው ሾሎ በወጣው ላይኛው ቀንድ ጫፍ ላይ መስካት። አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ብሎን።

ከዚያ ሌላ ነገር ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ይህ ጊታር እንዳይወድቅ በግራ እጅ መደገፍ አለበት። እስከ ዛሬ ግማሽ እጇ ተሸካሚ ነበር ማለት ነው። የበለጠችኝ በቀረው ግማሽ ነው።

ሙሉ እጇን ስሰጣትስ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ቀንዱን አልነካሁትም። የኋላውን ክዳን ፈትቼ ክፍተቱ ውስጥ የእርሳስ ብረት ጠቀጠቅኩበት። አንድ ኪሎ ያህል። ሚዛኑ ቀጥ አለ። አይደፋም፣ ውሸት የለውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ ጀምሮ አራት ሰዓት ሙሉ ቆመው ነው የሚጫወቱት። አውቃለሁ። ቆሜዋለሁ። ግን አንገቱን አለች እንጂ ስለ ትከሻዋ ምን አለችኝ?

ስትወስደው ጉንጬን ሳመችኝ። «እጅሽ ይባረክ!»

እጄን ታጠብኩ። ሁለቴ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ድራመሩ ደወለ።

«እህትሽ ትናንት ሦስተኛው ሰዓት ላይ ወንበር ጠየቀች። ትከሻዋ ተይዟል። ለሚመጣው ቅዳሜ አንቺ ትገቢልናለሽ?»

ልቤ ዘለለ። መጀመሪያ ዘለለ... ያፈርኩት ቆይቼ ነው። እዚህ ወረቀት ላይ እንኳ አልዋሽም።

«አስቤ ልንገርህ።»

ስልኩን ሳስቀምጥ ጣቶቼ ጠረጴዛው ላይ እየተጫወቱ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

መጣች። ኮቷን ማውለቅ አቅቷት እኔ አወለቅኩላት።

«ሰነፍኩ መሰለኝ፣ እትዬ። ድራመሩ ጊታሩ ይሆናል ቢለኝ ተቆጣሁት። እትዬ የነካችው ነገር አይበላሽም አልኩት።»

ምነው ባልሰማሁት!

ክዳኑን እዚያው ፊቷ ፈታሁ። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

«ምንድነው ይሄ?»

«እኔ ነኝ የከተትኩት።»

«እንደሚከብደኝ እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

አንዱን እርሳስ አንስታ በመዳፏ መዘነችው።

«ልጅ ሆነንም ብርድ ልብሱን ለብቻሽ ጠቅልለሽ ስታበቂ፣ በረደሽ ወይ? ትይኝ ነበር።»

አልሳቀችም። እኔም።

ጉጧን ነቀልኩ። ቀዳዳውን በስቴኪኒና በኮላ ደፈንኩ። ቀንዱ ጫፍ ላይ በስቼ ሰካኋት። ማንገቻዋ የሚያንሸራትት ናይለን ነው፤ ሰፊውን የራሴን የቆዳ ማንገቻ ከግድግዳ አወረድኩ። ውስጡ ሻካራ ስለሆነ ትከሻን ቆንጥጦ ይይዛል። የሰባት ዓመት ላቤ አለበት።

አነገተችው። ሁለት እጇን ለቀቀች። ንቅንቅ አላለም።

ሳትሰናበተኝ ወጣች። ማንገቻውን ግን ወሰደች።

ለድራመሩ ደወልኩ። «እሷው ትገባለች። የትከሻዋ ሕመም እስከዚያ ይተዋታል።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ሄድኩ። ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ። አየችኝ። ሰላም አላለችኝም።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግራ እጇን ለቃ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች። ጊታሩ ቀጥ ብሎ ጠበቃት። ከዚያ ጣቶቿ... ክር ላይ እንደዚያ መሄድ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። በገዛ እጄ አስተካክዬላት! ቀናሁ። ከበፊቱ የባሰ ቀናሁ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አስተናጋጁ አጠገቤ ቆሟል።

«ምግቡ አልተስማማዎትም እንዴ?»

ወደ ሳህኑ አየሁ። አንድ አልጎረስኩም። ቀዝቅዟል።