እርሳሱ የኔ፣ ሰሙ የአምሃ

ሰኔ 1 ቀን 1987

ጋራዥ ሥራ ቀዝቅዟል። የበረዶ ጎማውን የሚያስፈታው ሁሉ አስፈትቶ ጨርሷል። አሁን የሚመጣው ሚስማር የወጋው ብቻ ነው። ጎሚስታ በሰኔ ሲያዛጋ ይውላል።

ከአሮጌ ጎማ የምነቅለው፣ ጎማ እንዳይርገበገብ የሚመታበት የባላንስ እርሳስ ባልዲውን ሞልቶታል። አለቃዬ አየው። ድሮ ቢሆን «ጥይታችሁ መቼ ነው?» ብሎ ያሾፍ ነበር። ዛሬ ግን «ጓደኛህ ትዝ አለህ?» አለኝ።

አዎ አልኩት። አምሃ ከሞተ ስምንት ወር ሊሆነው ነው። እርሳሱን ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም…

ሰኔ 2

ጠመንጃውን ከብረት ሳጥኑ አወጣሁት። የሁለታችን ነው። ያረጀ የእንግሊዝ ወታደር ጠመንጃ። እዚህ ካናዳ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ስንኖር አዋጥተን የገዛነው። ሁለታችንም ድሮ ጦር ሠራዊት ውስጥ የዒላማ አስተማሪዎች ነበርን። «ሰው ካናዳ መጥቶ ሶፋ ይገዛል፣ የኔ ባል ጠመንጃ ገዛ» ትላለች ጸሐይወርቅ እስከ ዛሬ። ሚስት ናት፣ መብቷ ነው።

አምሃ ትከሻው ውስጥ ከጦር ሜዳ የቀረ ፍንጣሪ ነበረበት። የፋብሪካ ጥይት ሲተኩስ እርግጫው ዓይኑን እንባ ያስሞላው ነበር። ግን አይናገርም። የተኩስ ክበባችን ሽማግሌ ዋልተር ነው ያየበት። «ለዚህ ትከሻ የሚሆን ጥይት አለ» አለን። እርሳሱን ራስህ አቅልጠህ ፎርማ ውስጥ ታፈሰዋለህ፣ ባሩዱን በጣም ትቀንሳለህ። አይጮኽም፣ አይራገጥም። ወዳጅ ትከሻህን ቸብ እንደሚያደርግህ ነው። አምሃ የመጀመሪያዋን ተኩሶ ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። ያ ሳቅ… ዛሬ ሳጥኑን ስከፍት የሰማሁት መሰለኝ።

ሥራውን ተካፈልን። እርሳሱ የኔ፣ ጎሚስታ ስለሆንኩ። ባሩዱን መስፈር የጋራ። ባሩዱ ጥቂት ስለሆነ ቀለሃው ውስጥ ቦታ ይተርፋል፤ ተሳስተህ ሁለቴ ብትጨምር አያስታውቅም፤ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ አምሃ እያንዳንዱን ቀለሃ በባትሪ አጎንብሶ ያይ ነበር። ልክ የጉሮሮ ሐኪም። ሰሙ ደግሞ የሱ ብቻ። አረሩ ወገቡ ላይ ሰምና ሞራ ካልተቀባ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል። ያንን ሰም ከየት እንደሚያመጣው ጠይቄው አላውቅም። በቆርቆሮ ይዞ ይመጣል፣ አለቀ።

ሰኔ 4

ከትናንት ወዲያ ያልጻፍኩት ነገር። ሲጨንቀኝ እዘላለሁ።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ አንድ የዒላማ ካርቶን ላይ ሁለታችንም እንተኩሳለን። ካርቶኑን ለሚስቱ ለውብአለም እንወስድላታለን። ኩሽናዋ በር ላይ ትለጥፈዋለች። «የቱ ነው ያንተ? የቱ ነው የሱ?» ትላለች። መሀል የገባችውን እኔም የኔ ናት እላለሁ፣ እሱም የኔ ናት ይላል። እንጨቃጨቃለን። ጠጅ ይቀዳል። ውብአለም ጠጅ ስትጥል አቻ የላትም።

ሊሞት ሰሞን ሆስፒታል ተኝቶ «የዘንድሮውን ዘለልነው፣ መርዕድ» አለኝ። «ለሙት ዓመቴ አንተው ምታና ካርቶኑን አድርስላት። ጥቁሩንም አውልቂ በላት። ሰው ካልነገራት አታወልቅም።»

እሺ አልኩት። ሙት ዓመቱ ጥቅምት አራት ነው።

ሰኔ 8

የሐዋርያት ጾም ገብቷል። «ሞራህ ኩሽናዬ ውስጥ እንዳይሸትብኝ» ተብያለሁ። ጋራዡ ጓሮ፣ ሜዳ ላይ አቀለጥኩ። እርሳሱ ላይ ዝገቱ ተንሳፈፈ፤ ገፈፍኩት፤ ከሥሩ እንደ መስታወት አበራ። ፎርማው ውስጥ ሳፈሰው እጄ አልረሳም። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ… ደስ አለኝ። ቀና ብዬ «አምሃ፣ እያት ይቺን» ልል ነበር።

የሱን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ጥጉ ላይ ጥፍር የምታክል ቀርታለች። ጠረኗ ደስ ይላል። እሷን አልነካም ብዬ ዘጋሁት።

ታዲያ ሰም ከየት ይምጣ? ጸሐይወርቅ ቤተ ክርስቲያን ስታጸዳ የጧፍ ቁራጭ ትሰበስባለች። ጧፍ ሰም ነው፤ ይኼ ምን ያጠያይቃል? ለመንኳት።

«ለማርያም የበራ ጧፍ ለጥይት? ዒላማ ያስትሃል።»

«እማምላክ አምሃን ታውቀዋለች» አልኳት። ሰጠችኝ።

ሰኔ 17

ክበቡ ሄድኩ። ብቻዬን ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። አምሃ ስንመለስ ሁልጊዜ የሚያቆምበትን ማር ሻጭ ገበሬ አለፍኩ። እሱ ሲወርድ እኔ መኪና ውስጥ አሸልብ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ደህና ገቡ። ከዚያ አንዷ ቀኝ፣ አንዷ ግራ፣ አንዷ ካርቶኑን ጭራሽ ሳተች። መነጽሬን ወልውዬ ደገምኩ። ባሰ። ሌሎቹ ስለ አዲሱ የመሣሪያ ምዝገባ ሕግ ይከራከራሉ፤ ዋልተር ብቻ አየኝ። ማየቱ ነው የጎዳኝ።

ዓይኔ ነው? እጄ ነው?

ሐምሌ 1

ዛሬም። ካለፈው የባሰ።

ሐምሌ 12

ዓይን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ወጣት ናት። ፊደሉን አስነበበችኝ፣ ብርሃን አበራችብኝ። ለዕድሜህ በጣም ጥሩ ነው አለች። ለዕድሜህ! ቤት ገብቼ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አይንቀጠቀጥም። ታዲያ ምንድን ነው? ሐኪም የማያየው እርጅና አለ?

ጸሐይወርቅ ምስር እየለቀመች «ጧፉ ነው አልኩህ» አለችኝ።

«ተይኝ እስቲ።»

ተወችኝ። ሳቋን ግን አልተወችም።

ነሐሴ 6

ቆረጥኩ። እንዲህ ያለ ካርቶን ለውብአለም ይዤ ከምሄድ ባልሄድ ይሻላል። ወንፊት ነው የሚመስለው። ይኼ ነው ወይ የአምሃ መታሰቢያ? አፍራለሁ። ዋልተርን «ጠመንጃውን ግዛኝ» አልኩት።

ዋልተር ጠመንጃውን ተቀብሎ ከፈተው፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አዙሮ አጮለቀ። ከዚያ ለኔ ሰጠኝ። «እየው» አለኝ።

አየሁት። ውስጡ ግራጫ ነው። እርሳሱ እንደ ቅርፊት ተለጥፎበታል፤ እንዲህ ካለ አፈሙዝ ቀጥ ብላ የምትወጣ ጥይት የለችም። ስንት ወታደር ያሠለጠንኩ ሰው አፈሙዝ ማየት ረሳሁ? አልረሳሁም… አርጅቻለሁ ብዬ አምኜ ስለነበር ሌላ አልፈለግኩም።

«ቅባትህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሰም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣው» አልኩት፤ ቆጣ ብዬም ነበር። ጧፍ ከሰም ሌላ ከምን ይሠራል? እኔ ባደግኩበት አገር ይኼን የሚጠይቅ የለም። ጥፋቱ የእርሳሱ ይሆናል… አዲስ አቀልጣለሁ።

ነሐሴ 14

አፈሙዙን ፈግፍጌ አጸዳሁ። አዲስ እርሳስ አፈሰስኩ። የጧፉን ቅባት ቀባሁ። ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ነሐሴ 17

የፍልሰታ ጾም ስለተፈታ ውብአለምን ልጠይቅ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ሰፈሯ ድረስ ሄድኩ። ልጇ ራኬብ ከፈተችልኝ። «ጋሽ መርዕድ! ማሚ ዛሬም ሥራ ኮል አድርጋ፣ አሞኛል ብላ ቀረች። አንተ ቶክ አድርጋት፣ እኔን አትሰማኝም» አለችኝ በሹክሹክታ።

ውብአለም ከአንገት እስከ እግሯ ጥቁር ናት። ከስታለች። ኩሽናው በር ላይ የድሮ ካርቶኖች እንደተለጠፉ ናቸው። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ ተባባልን። መጨረሻ ላይ፣ ምን ነካኝ ሳልል፣ ጠየቅኳት።

«ውቤ፣ አምሃ ያንን ሰም ከየት ነበር የሚያመጣው?»

«የምን ሰም?»

«የጥይታችንን።»

«ሰፈፉን ነዋ!» አለች፣ ይኼንንም አታውቅም ወይ በሚል ድምፅ። «ጠጅ ስጥል ማሩ ላይ የሚንሳፈፈውን። እሱ ነው ገፎ፣ አጥቦ፣ አቅልጦ የሚያጠራው። እኔን አያስነካኝም።»

«እኔ ደግሞ ጧፍ…»

«የዚህ አገር ጧፍ? አምሃ ይስቅበት ነበር እኮ። የፋብሪካ ሻማ ነው፣ ነዳጅ ነው፣ ንብ አይታው አታውቅም ይል ነበር።»

ዓይኔም አይደለ፣ እጄም አይደለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ ወደ ጓዳው ሄደ። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ብርሌዬን ስጨብጥ እሱ ጓዳ ሰፈፍ ያጥብ ነበር። ስንት ዓመት!

«ታዲያ ትንሽ ቀርቶሽ እንደሆነ…» አልኳት።

«ከሱ በኋላ ጠጅ አልጣልኩም። ለማን ብዬ?»

ራኬብ «ማሚ፣ ለሙት ዓመቱ ብትጥዪ ምናለበት? ዳዲ ይወድ ነበር እኮ» አለች። ውብአለም ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ሳህን።

እኔም አልለመንኳት። እንዴት ብዬ?

ነሐሴ 18

ለጸሐይወርቅ ነገርኳት። ምስር መልቀሟን ትታ ቀና አለች።

«ጧፉ ነው አላልኩህም?»

ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። በኋላ ግን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እሷም አምሃን ትወደው ነበር።

መስከረም 4 ቀን 1988

ስልክ ጮኸ። ውብአለም ናት። እንኳን አደረሰህ እንኳን ሳትል፦

«ጋሽ መርዕድ፣ ማሩን ከየት ነበር የሚገዛው? ከነሰፈፉ የሆነውን። እኔ ሲመጣ እንጂ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።»

እኔ አውቃለሁ አልኳት።

መስከረም 5

ሁለታችን ሄድን። በመንገዱ ብዙም አላወራንም። ገበሬው መኪናዬን አውቆት ፈገግ ብሎ ወጣ። «ሌላኛውስ? የሚያስቀው ሰውዬ?» አለኝ። ውብአለም ከወዲያ በኩል ወረደች። ጥቁሯን አየና ባርኔጣውን አወለቀ። ጎተራ ገብቶ ማሩን ከነእንጀራው ይዞ ወጣ።

ስንመለስ «ያስቀው ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። «እኔ ተኝቼ ነበር።»

ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

መስከረም 10

ውብአለም ጠጅ ጥላ ሰፈፉን ገፈፈች፤ ሄጄ ወሰድኩ። አጠብኩት፣ አቀለጥኩት፣ በጨርቅ አጠለልኩት። ወርቅ መሰለ። ጓሮው ሁሉ ማር ማር ሸተተ፤ አለቃዬ ሳይቀር አፍንጫውን እየነፋ ወጣ። የአምሃ ቆርቆሮ ውስጥ የቀረችውን ጥፍር የምታክል እንደ እርሾ ጨመርኳት። አልነካትም ብዬ ነበር። ግን ለዚህ ነው ያስቀመጥኳት፣ አይደል?

መስከረም 12

ሞከርኩ። አፈሙዙ ንጹሕ ነው። ዋልተር አጮልቆ አየና ጠመንጃውን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ስለ ሽያጭ ያነሳ የለም።

ጥቅምት 3

ቅጠሉ እየረገፈ ነው። ቀለሃዎቹን አንድ በአንድ በባትሪ አየሁ፣ እንደሱ አጎንብሼ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ቸብ። ቸብ። እንደ ወዳጅ።

ነገ አደርስላታለሁ።

ጥቅምት 4

ከቅዳሴ በኋላ ጸሎቱ ተደረገ፣ ሰው ሁሉ ውብአለም ቤት መጣ። ጠጁ ተቀዳ። የቀመሰው ሁሉ ብርሌውን አየት ያደርጋል። ሰው ቀለል እስኪል ጠበቅኩ። ኩሽና ገብቼ ካርቶኑን ሰጠኋት።

«ጥቁሩን አውልቂ ብሎሻል።»

«መቼ ነው ያለው?»

«ሆስፒታል።»

ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተዋል፤ አንዷ ልክ መሀል ናት። ውብአለም ዓይኗን ሳታነሳ፣ ልማድ ሆኖባት፦

«የቱ ነው ያንተ? የቱ ነው የሱ?» አለች።

ሁለታችንም ደነገጥን። ብቻዬን ነው የተኮስኩት። ግን የወጣልኝ እንዲህ ነው፦

«መሀል ያለችው የሱ ናት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ውሸታም» አለች። «እሱም እንዳንተው ነበር። እዚህ ከአንተ ጋር ሲጨቃጨቅ ይቆይና አንተ ስትወጣ 'መሀሏ የመርዕድ ናት፣ እንዳትነግሪው' ይለኝ ነበር። በየዓመቱ።»

በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ። ፎቁ ሁሉ ያየኝ ይሆናል፤ ይየኝ።

ስመለስ ካርቶኑ ከድሮዎቹ ጎን በሩ ላይ ተለጥፏል። ውብአለም ነጭ ነጠላ ለብሳ እንግዳ ታስተናግዳለች። ራኬብ እናቷን በዓይኗ ትከተላለች፤ እጇን የምታደርግበት የጠፋባት ትመስላለች። ስወጣ ውብአለም በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

«ሰፈፉ ተርፏል፣ እንዳትረሳው» ብላ በሌላ ቆርቆሮ አድርጋ ሰጠችኝ። «ለሚመጣው ዓመት።»

ጠጅ ስላለ መኪና አልያዝኩም ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው መጣሁ። ቤት ስገባ ጸሐይወርቅ ኮቴን ተቀበለችኝና አሸተተችው።

«ማር ማር ትላለህ» አለች።