በዶክተሩ ግድግዳ ላይ ስላለው የልጄ ፎቶግራፍ

ለእናቶች ሆስፒታል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ቀን፦ ግንቦት 14

ጉዳዩ፦ በማህፀንና ጽንስ መመርመሪያ ክፍል የተሰቀለው ፎቶግራፌ እንዲወርድልኝ፣ ይህ ካልተቻለም ከጎኑ ሌላ ፍሬም እንዲሰቀልልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

እኔ አመልካች የፎቶግራፍና የምስክር ወረቀት ፍሬም በመሥራት የምተዳደር፣ በሚመሩት ሆስፒታል ሁለት ጊዜ የወለድኩ ሴት ነኝ። ጉዳዬ በአንድ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ነገር ነው። በዚህ ክቡርነትዎን ማስቸገሬ ቅር ቢለኝም፣ ሌላ የማንኳኳው በር ስላጣሁ አቤት እላለሁ።

1. በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ በዋናው የማህፀንና ጽንስ ሐኪም መመርመሪያ ክፍል፣ ከሚዛኑ በላይ ቡናማ ፍሬም ያለው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ፎቶግራፉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የታቀፍኳት ልጄ ናት፤ እያዛጋች ነው። ለዶክተሩ በምስጋና የሰጠኋቸው እኔ ስሆን ፍሬሙንም የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። እስካሁን ማዕዘኑ አልተላቀቀም። ከሥሩ «በትዕግሥት ተኝታ የታቀፈችው» የሚል ወረቀት አለ። ወረቀቱን የጻፉትም የለጠፉትም ዶክተሩ ናቸው፤ እኔን አላማከሩኝም።

2. ዶክተሩ ጽንሷ እንዳይወርድ ወይም ያለጊዜዋ እንዳትወልድ የሰጉላትን ሴት ሁሉ አልጋ ይዛ እንድትውል ያዝዛሉ። ሴትየዋ ስታመነታ በእስክሪብቷቸው ወደ ግድግዳው እያመለከቱ «እስኪ እያት፤ እሷም እንዳንቺ ፈርታ ነበር» ይሏታል። ይህን የማውቀው የማላውቃቸው ሴቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ «አንቺ ነሽ አይደል ዶክተሩ ጋ የተሰቀልሽው?» ስለሚሉኝ ነው። መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። ፍሬም ቤት ውስጥ የሰው ፊት ስሰቅል የኖርኩ ሰው ነኝና የእኔ ፊት አንድ ቦታ መሰቀሉ አልከፋኝም።

3. ዶክተሩን ልከስ አልመጣሁም። ሴት ልጄን በወለድኩ ዕለት ደሜ አልቆም ብሎ ነፍሴን ያተረፉት እሳቸው ናቸው። ሸሚዛቸው እስከ ክርናቸው ርሶ «አይዞሽ ልጄ፣ የትም አትሄጂም» ሲሉኝ ትዝ ይለኛል። ደግ ሰው ናቸው። ይህ ቃሌ ከአቤቱታው ጋር አብሮ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ።

4. ነገር ግን ፎቶግራፉ የማያሳየው አለ። ከዚህች ልጅ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። እሱን እርጉዝ ሳለሁም ደም ታየኝ፤ እኚሁ ዶክተር ተኚ አሉኝ፤ ተኛሁ።

አማቴ አልጋዬ አጠገብ ወንበር አስጠግተው ይጠብቁኝ ነበር። እግሬን ሳነቃንቅ «ወዴት ነው?» ይሉኛል። የባሌ ጓደኞች መጥተው «ተኝቶ መጎረስ እንዳንቺ ነው» እያሉ ሲቀልዱ እስቃለሁ። ጣሪያው ላይ ዝናብ ያሳደፈው ቢጫ ምልክት ነበረ፤ እሱን ሳይ እውላለሁ። መጀመሪያ እግሬ ደነዘዘ። ቀስ እያለ ሌላው ነገሬም ደነዘዘና ሰው ቢገባ ቢወጣ ግድ የማይሰጠኝ ሆንኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ተኝታ የምትቀለብ ሴት ከፋኝ ብትል ማን ይሰማታል።

አንድ ቀን አማቴ ወጣ ባሉበት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ውሃው እየገባ የልጁን ልብስ ያጠራቀምኩበትን ካርቶን ማራስ ሲጀምር ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁና ተመልሼ ተኛሁ። በዚያው ሳምንት ምጥ መጣ። ልጄ ጥቂት ተነፈሰና አረፈ። ጣቶቹ ረጃጅም ነበሩ፣ እንደ ባሌ።

ዶክተሩ አጠገቤ ተቀምጠው «ልጄ፣ ተነሥተሽ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አንዴ፣ መስኮት ልዘጋ» አልኳቸው። ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ እጄን መታ መታ አድርገው ተነሡ። አማቴ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ ያንን መስኮት የሚዘጋው ባሌ ነው። ለምን እንደሆነ በቤታችን ተነጋግረንበት አናውቅም።

5. ሴት ልጄን ሳረግዝ ያለማንም ጠባቂ ተኛሁ። ዝናብ ቢገባ አልነሣም ብዬ ነበር፤ ገባም፣ አልተነሣሁም፤ ምንጣፉ ሲረጥብ ተኝቼ አየሁት። ልጅቷ ጊዜዋን ጠብቃ ተወለደች። ከአልጋ ስወርድ ጉልበቴ አልይዝ ብሎኝ ሽንት ቤት የምሄደው በሁለት ሰው ተደግፌ ነበር። ልጄን ሲያስታቅፉኝ ምንም አልተሰማኝም። ፎቶግራፉ ላይ ፈገግ ያልኩት ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ ስላለኝ ነው። ልጄን መውደድ የመጣልኝ ቆይቶ፣ መሄድ ከጀመረች በኋላ ነው፤ አሁን ያለ እሷ እንቅልፍ አይወስደኝም።

6. በቅርቡ አንዲት የዚሁ ሆስፒታል ወጣት ሐኪም የትምህርት ማስረጃዋን ፍሬም ልታስገባ ወደ ሱቄ መጣች። የተማረችው ማህፀንና ጽንስ መሆኑን ሳነብ ኩራት ቢጤ ይዞኝ «እኔ እኮ ዶክተሩ ግድግዳ ላይ ያለሁት ነኝ» አልኳት። ዓይኗን ወደ ማስረጃዋ መለሰች። ሁኔታዋ ስላላማረኝ አጥብቄ ጠየቅኳት። ሳልጠይቃት የነገረችኝ አንድም ነገር ስለሌለ፣ በዚህ ምክንያት እንዳትወቀስብኝ እለምናለሁ።

የነገረችኝ በገባኝ መጠን ይህ ነው። መተኛት ጽንስን ያቆያል የሚባለው ከዱሮ የመጣ ልማድ ነው። በተለያዩ አገሮች እንዲህ ያሉ እርጉዞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን አስተኝተው ግማሾቹን እንደ ወትሯቸው እንዲንቀሳቀሱ ትተው፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ቆጥረዋል። መተኛቱ የጠቀመ ሆኖ አልተገኘም። ጉዳቱ ግን ይታወቃል፤ ጡንቻና አጥንት ይደክማል፣ ደም እግር ውስጥ ሊረጋ ይችላል፣ የረጋው ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል፣ መንፈስም ይሰበራል። የሆስፒታላችን መመሪያም በዚሁ መሠረት ተስተካክሏል፤ ሥልጠናም ተሰጥቶበታል አለችኝ። ደም የታያት ሴት ቶሎ መመርመር አለባት፣ የደከማት ትረፍ፣ ነገር ግን አልጋ ላይ ታስራ አትዋል ነው ያለችው።

ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ ላይ የቀረው «ሁሉንም ቆጥረዋል» ያለችው ነው። «የሞቱባቸውንም?» አልኳት። «እነሱ ካልተቆጠሩማ ምኑን ማስረጃ ሆነው?» አለችኝ።

ስለ መስኮቱም ጠየቅኳት። «መስኮት በመዝጋት የወረደ ጽንስ የለም» አለች። ይህን ስሰማ ማልቀስ ነበረብኝ። ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔ ግን መስታወቷን ቆረጥኩላት፤ ልኩ ትክክል ወጣ። ሒሳቧን ተቀብዬ ሸኘኋት። እንባው እስካሁንም አልመጣም።

7. ክቡር ዳይሬክተር፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ነገሩን ሳሰላስለው ግን እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ልጁ ከኖረ መተኛቱ አዳነው ይባላል። ከሞተ እናትየው ተነሥታለች ይባላል። መነሣቷ ደግሞ አይቀርም፤ ሰው ናት፣ ዝናብ ይጥላል። በዚህ ዓይነት መተኛት ተሸንፎ አያውቅም፣ ሁልጊዜ የምትሸነፈው ሴትየዋ ናት። በዶክተሩ ግድግዳ ላይም ተኝተው የታቀፉት ይሰቀላሉ፤ ተኝተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ፎቶ አይነሡም።

8. አሁን ወደ አቤቱታ ያመጣኝ ታናሽ እህቴ ናት። የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ናት። ትንሽ ደም ታያትና ወደ ዶክተሩ ሄደች፤ ተኚ አሏት፤ ግድግዳውን አሳዩዋት። የራሷን እህት ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነሣችም። ገና በተኛች ዕለት የመኝታ ቤቷን መስኮት በሚስማር አስመትታዋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ከወጣቷ ሐኪም የሰማሁትን ስነግራት «እታለም፣ አንቺ ተኝተሽ ወልደሽ ለእኔ ሲሆን ተነሺ ትያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ሌላ ሐኪም ላምጣልሽ ስላት ፊቷን አዞረች። ሰሞኑን ደግሞ መቆጣቱንም ትታዋለች። ባቷ እየቀጠነ ነው፤ ምግቡ እንደቀረበላት ይመለሳል፤ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ጤነኛ ነኝ ትላለች። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ውስጡ ኖሬበታለሁ። እኔ የምፈራው ደሟ እንዳይረጋ ብቻ አይደለም። አንድ ክፉ ነገር ከመጣ፣ መቼ እግሯን እንዳነቃነቀች ስታስብ እንዳትኖር ነው የምፈራው። ባለፈው ስወተውታት «ዶክተሩ ፎቶሽን ያውርዱትና አምንሻለሁ» አለችኝ።

9. በማግስቱ ዶክተሩ ዘንድ ሄጄ ፎቶግራፌን እንዲመልሱልኝ ለመንኩ። ሻይ አስመጡልኝ። «ይኼ ፎቶ ስንት እናት እንዳጽናና ታውቂያለሽ? ደግሞስ ልጄ፣ መተኛት ማንን ጎድቶ ያውቃል?» አሉኝ። «እኔን» ልላቸው ነበር፤ ሻዬን አማሰልኩ። ስለ መመሪያው ሳነሣባቸው «ወረቀት ይለዋወጣል፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማምነው» አሉ። ስለ ወንዱ ልጄ ሳነሣባቸው ግንባራቸውን አሻሹ፣ አሰቡ፣ አላስታወሱትም። ብዙ እናት ያያሉና አልፈርድባቸውም። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ) ፎቶግራፉ ከሥሩ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ወርዶ እንዲመለስልኝ፤ ልጄ የታቀፍኳት ልጅ እንጂ የማንም ማስረጃ እንዳልሆነች ለዶክተሩ እንዲነገርልኝ፤

ለ) እህቴ የምታምነው ግድግዳውን ነውና፣ ዶክተሩ ራሳቸው ወይም እርስዎ የሚወክሉት ሐኪም ቤቷ ድረስ ሄዶ እንዲመረምራት፣ ከአልጋ መውረድ እንደምትችልም በሐኪም አንደበት እንዲነግራት። ይህ የሚዘገይ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቆይልኝ፣ እሱ ይቅደም፤

ሐ) በሥልጠና አዳራሽ የተነገረው መመሪያ ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው በሚተኙበት ክፍልም እንዲነገር፤ ጽንሷ የወረደባትን ሴት «ተነሥተሽ ነበር እንዴ?» ብሎ መጠየቅም እንዲቀር።

ዶክተሩ ፎቶግራፉን ለማውረድ ፈቃደኛ ካልሆኑ ግን አልሟገታቸውም። በዚያን ጊዜ የምለምነው ከጎኑ፣ በእኩል ከፍታ፣ ልኩ አንድ የሆነ ሌላ ፍሬም እንዲሰቀልልኝ ነው። ውስጡ ምንም አይኑርበት። ሴቶቹ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ «ይሄም የእሷ ነው፤ ለዚህኛውም ተኝታ ነበር» ተብሎ ይነገራቸው። ሌላ ወረቀት መለጠፍ አያስፈልግም። እንጨቱ ከመጀመሪያው ፍሬም የተረፈ ስለሆነ ቀለሙ አይለያይም፤ መስታወቱንም ጠርጌዋለሁ።

የዚህን አቤቱታ ቅጂ ለእህቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አነብላታለሁ። ፎቶግራፉ በወረደ ዕለት መንቀያ ይዤ ሄጄ የመስኮቷን ሚስማር እነቅላለሁ። ከዚያ በኋላ መክፈትና መዝጋቱ የእሷ ነው።

የክቡርነትዎን መልስ ሱቄን ከፍቼ እየጠበቅሁ፣

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሁለት ልጆች እናት

አባሪ፦ አንድ ፍሬም፣ ባዶ