ሰዓት አክብሬ በመምጣቴ ሰካራም ስለተባልኩበት ጉዳይ

ለተከበሩ የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳውና ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለእንቅልፍዎ፣ በተለይም ለትንፋሽዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ በመጋዘኑ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፎርክሊፍት ስነዳ ኖሬ፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን በእርስዎ መልካም ፈቃድ መጥረጊያ የምነዳ ሠራተኛዎ ነኝ።

የትንፋሽ መመርመሪያው በር ላይ እንዲቀመጥ ማዘዝዎ ብልህነት ነው፤ ይህን የምለው ያለ ምንም ሽሙጥ ነው። የሰከረ ሰው ፎርክሊፍት ላይ ቢወጣ ምን እንደሚከተል አሳምሬ አውቃለሁ። ሆኖም የሚከተሉትን ጥቃቅን ነገሮች ጆሮ ቢሰጧቸው ብዬ እለምናለሁ።

፩. መሣሪያው ሦስት ጠዋት በተከታታይ ጠጥተሃል አለኝ። እኔ አባቴ እየጠጣ ቤታችንን ሲያፈርስ እያየሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ፣ በሠርጌ ዕለት እንኳ ብርጭቆዬ ውስጥ የነበረው የሎሚ ውሃ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

፪. ከሾፌርነት የታገድኩበት ደብዳቤ እስከ ቤቴ ድረስ ስለተላከልኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ቀድማኝ አንብባ፣ አፌን ደጋግማ አሽትታ ምንም ብታጣ፣ የማይሸት ዓይነት ጀምሯል ብላ ደመደመች። አማቴም ድሮም ጠርጥሬው ነበር አሉ። ልጄ ግን ከበሩ ጥግ ቆማ ሰረቅ አድርጋ አየችኝ። እኔም አባቴን እንደዚያ ነበር የማየው፣ ክቡርነትዎ።

፫. የበር ጠራጊ ስላደረጉኝ ልዩ ምስጋና ይድረስዎ፤ ባልጠርግ ኖሮ እውነቱን መቼ አየው ነበር! ሁላችንም ሻለቃ የምንለው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ልክ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሠራተኛው የሚነፋባቸውን የፕላስቲክ ቱቦዎች በሙሉ አልኮል ውስጥ ነክሮ ትሪ ላይ ይደረድራቸዋል። ከዚያም ገና ጠብ ጠብ ሲሉ ለቀዳሚዎቹ ተሰላፊዎች ያድላል። በሻለቃ አልፈርድም፤ “ለንጽሕና ሲባል በአልኮል ይታጠብ” የሚለው መመሪያ የእርስዎ ፊርማ አለበት፣ እሱ ደግሞ የታዘዘውን ሲፈጽም አንዲት ጠብታ የሚሰስት ሰው አይደለም።

፬. ስለዚህ በሰዓቱ የመጣ እርጥቡን ነፍቶ ሰካራም፣ ያረፈደ ደግሞ የደረቀውን ነፍቶ ጨዋ ሆኗል። ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንድም ቀን በሰዓቱ ገብቶ የማያውቀው የግምጃ ቤት ኃላፊ፣ አርአያ ሠራተኛ ተብሎ ፎቶው ተሰቅሏል። ሌላውም ሰው ሞኝ አይደለምና ነቅቷል፤ ይኸው አሁን በአንድ ሰዓት በሩ ላይ ከእኔና ከመጥረጊያዬ በስተቀር ማንም የለም። ሁሉም ከግንቡ ጀርባ ተደርድሮ ቱቦው እስኪደርቅ ይጠብቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመግቢያው ሰልፍ ፊት መቆሜን እንደ ክብር የቆጠርኩት እኔ ምን ያህል የዋህ ኖሬአለሁ!

ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ልባረር ወይስ ልቆይ የሚለውን ይወስናል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚያ በፊት በንጹሕ ውሃ በታጠበ ቱቦ፣ በኮሚቴው ፊት ልንፋና ውጤቱ ልክ እንደ እግዱ በደብዳቤ ወደ ቤቴ ይላክልኝ፤ ልጄ ታንብበው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእኔ ግን የቀረኝ እስከ ሐሙስ ነው።

ለቀና ትብብርዎ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ በደረቅ ጉሮሮና በእርጥብ ቱቦ የተፈረደብኝ፣ የእርስዎው ታዛዥ፣
የቀድሞው የፎርክሊፍት ሾፌር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡርነትዎም እንደ ማንኛችንም በየቀኑ እየነፉ፣ በየቀኑ ንጹሕ መሆንዎ በሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አንብበን ኮርተናል። የሚገቡት አራት ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ የእርስዎ ቱቦ ከሁላችንም ይልቅ የደረቀ ነው። እስቲ ሐሙስ እንደ ምንም ብለው በአንድ ሰዓት ይምጡና አብረን እንንፋ፤ ለማንኛውም ብዬ ሁለተኛ መጥረጊያ አዘጋጅቻለሁ።