በማውስ የተሳለው ባንዲራ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለካትሱሚ፣

ባሕሩና ነፋሱ እንዴት ይዘውሃል? ያ የሚያሠቃይህ ወገብህስ ተሻለው? ላስ ፓልማስ ወደብ ስትደርሱ ደህና ሩዝ ታገኛላችሁ ወይ? እኛ አለን ለማለት ያህል አለን። አባባ ግን ደህና አይደለም፤ ይህን ሳልነግርህ ወደ ሌላ ወሬ ማለፍ አልቻልኩም።

በጸደይ የታመመ ጊዜ ቀኝ እጁ እንደሰነፈ ጽፌልህ ነበር። ብሩሽ መጨበጥ አቃተው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው መርከብ የመልካም ጉዞ ባንዲራ ሲስል የኖረ ሰው ጨርቅ በምንቀልምበት ቀለም ቤታችን በር ላይ ተቀምጦ ዝንብ ሲያባርር ማየት አንጀት ይበላል። ልጄ ቺናትሱ አዘነችለትና የቴሌቪዥን ጨዋታ ማሽኗን ከነማውሱ አመጣችለት። መዳፍህን ታሳርፍበትና በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ትገፋዋለህ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ መስመር ይወጣል። መጨበጥ አይጠይቅም።

አባባ መጀመሪያ፣ «ደግሞ በስተርጅናዬ ጅራታም ብሩሽ አመጣችሁብኝ!» ብሎ አላገጠ። በኋላ ግን ከእጁ የሚያስለቅቀው ጠፋ። ቀን ሲስል ይውላል፣ ሲመሽ ሁሉንም ያጠፋዋል። ቺናትሱ፣ «አያቴ፣ ማሽኑ እኮ አንድ ሥዕል ያስቀምጥልሃል» ብትለው፣ «ንድፍ ተቀምጦ ያውቃል እንዴ? ንድፍ ይታጠባል!» አላት። የቤታችንን ሥራ ታውቀዋለህ፤ በአበባ ጭማቂ ጨርቁ ላይ ይነደፋል፣ በሩዝ ሙጫ ይሸፈናል፣ ሙጫው ከደረቀ በኋላ ሰማያዊውን መስመር ውኃ ይወስደዋል፣ ከዚያ ይቀለማል። ለእሱ ያልታጠበ ንድፍ የሰነፍ ሥራ ነው።

ባለፈው ወር ጠራኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ ዓሣ ማዕበል ሰንጥቆ ሲዘል አየሁ፤ ከሥሩ የመርከብህ ስም ተጽፏል። ቀለም ቤቱን ጥለህ ወደ ባሕር ስትሄድ «ከእኔ ባንዲራ እንዳይጠብቅ» ብሎ የማለው ሰውዬ! የመርከብ አለቃ ሆነህ ከወደቡ ስትነሳ የሁሉም ባንዲራ ሲውለበለብ የባንዲራ ሠሪው ልጅ ምሰሶ ባዶ ነበር፤ እኔ አልረሳሁትም፣ አንተም አትረሳውም። አለቀስኩ። «ምን ያስለቅስሻል? ሂጂ ጨርቅ ቁረጪ» አለኝ። ሮጥኩ። ስመለስ ቴሌቪዥኑ ነጭ ሆኗል፤ አባባ እጁን በፎጣ ይጠርጋል። «መስመሩን አጥቤዋለሁ፣ ቀለሙ ያንቺ ነው» አለኝ። ጨርቁ ላይ የሳለው መስሎታል። የእጅ ልማድ ነው ካትሱሚ፣ አትቀየመው።

ነገ ደግሞ ይስለዋል ብዬ የቆረጥኩትን ጨርቅ አጥፌ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ሕመሙ ተመልሶ ጣለው፤ አሁን ግራ እጁም አይታዘዘውም። ያየሁትን ከልቤ አውጥቼ ልሳለው ብል ዓሣው ያበጠ እንቁራሪት መስሎ ቀረ። እጄ ቀለም እንጂ መስመር አያውቅም። ጨርቁ እንደተቆረጠ ነጭ ነው።

እሱ ግን በየጠዋቱ ስለ ባንዲራው ይጠይቀኛል። ቀልሜ ልኬለታለሁ አልኩት። ዋሸሁት፤ ሌላ ምን ልበለው? ከወደብ ስትደውል ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። ደረሰኝ በለው። ምሰሶዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ በለው። መዋሸት እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ለእኔ ስትል ይህቺን ብቻ።

እማማ ሆድህን ብርድ እንዳታስመታ ትላለች። ባለቤቴ ያሱሃሩ ሰላም ብሎሃል፤ ያንተን ድርሻ ሳኬ ጭምር እየጠጣልህ ነው። ቺናትሱ አጎቴ መቼ ይመጣል ትላለች። አባባ ሰላምታ አልላከም። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተኝቶ፣ «ጨው ቀዩን አላደበዘዘውም ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» ይለኛል።

እህትህ ፉሳኤ
ኬሴኑማ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1993