ሳትጠጣ የምትንገዳገደው ላም

ጫምሳ፣

በተረጋጋ አእምሮ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እናዘዛለሁ፦ እዚህ ሁሩታ ከአጎቴ ከጋሼ ንዋይ ማሳ አንድ እፍኝ ሣር ሰርቄያለሁ።

ጋሼ የዘሩት የመኖ ሣር የሰው ሁሉ ሲደርቅ አረንጓዴ ነው፣ ተባይም አይነካውም። ላማቸው ግን ሰሞኑን እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ስትሮጥ ትወድቃለች። አዳማ ቢሆን ከየትኛው ግሮሰሪ እንደወጣች እንገምት ነበር። እዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው "የጎረቤቷን የአደ ቡዜን የጠላ አተላ ጠጥታ ነው" ብለው፣ ላሚቱ እሳቸው ግቢ ድርሽ እንዳትል ፈረዱ። ይኸው ጋሼና አደ ቡዜ፣ የሠላሳ ዓመት ጎረቤታሞች፣ ተኳርፈዋል።

ሣሩን ለእንስሳት ሐኪሟ ለጋዲሴ አሳየኋት። "አንዳንድ ሣር ውስጥ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ይኖራል" አለችኝ። "ሣሩን ከድርቅና ከተባይ ይጠብቀዋል፤ ከብት አብዝቶ ከበላው ግን ያንቀጠቅጠዋል። እስክናጣራ ሌላ መኖ ስጧት።" አስበው፣ ሣሩ ውስጡ ዘበኛ ቀጥሮ ተቀምጧል። ደሞዙን በምን ይከፍለዋል ብላት፣ "በስኳር" አለች። ለጋሼ ስነግራቸው ግን "እኔን ሳያስፈቅድ ማን ሣሬ ውስጥ ገብቶ?" አሉኝ።

ስለዚህ ሣሩን ከልክዬ ላሚቱን በድብቅ የጤፍ ጭድ እያበላኋት ነው። ዛሬ፣ በሳምንቷ፣ ሳትወድቅ ሮጠች። ሽማግሌዎቹ "ፍርዳችን ሠራ" ይላሉ። ጭዱን የሰጡኝ ማን መሰሉህ? ራሳቸው አደ ቡዜ።

እናትህን ሳምልኝ፣ ሠፈሩን በሙሉ ሰላም በልልኝ፣ የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። ጋሼ በረት ገብተው ጭዱን በእጃቸው ይዘው ወደ አደ ቡዜ ግቢ እያዩ ስሜን እየጠሩ ነው፦

"ልዩ!"