ሰባት ቀዳዳ ያለው የብረት ቆብ

ሰኞ፣ የካቲት 3
የተማሪዎቹ ድርሰት ደረሰ። ሁለት ካርቶን ሙሉ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ሥራ አስኪያጇ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሙዚየም ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እርስዎ ይረሙልን» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ ከምራው ሄደች። ማሞገስ ስትጀምር ሥራ እየመጣ እንደሆነ ካወቅኩ ቆየሁ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ቀረኝ፤ መነጽሬማ ቀድሞኝ ወጥቷል።

ውድድሩ ልጆቹ የጦርነቱን ዘመን ታሪክ እንዲያውቁ ነው። ይጎበኛሉ፣ አንድ ዕቃ ይመርጣሉ፣ ስለ እሱ ይጽፋሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ልጆቹ የወደዱት ግን ከክፍል መውጣቱን ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
ስልሳ አነበብኩ። ሠላሳ አንዱ ስለ ብረት ቆቡ… መግቢያው ፊት ለፊት መስታወት ውስጥ ስላለው፣ ሰባት ቀዳዳ ስላለው። ሁሉም መግለጫውን እንዳለ ገልብጠዋል። «ሰባት የጠላት ጥይት የበሳው የብረት ቆብ። ባለቤቱ እስከ መጨረሻ እስትንፋሱ ድልድዩን አልለቀቀም።»

የእኔ ጽሑፍ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የጻፍኩት። ሠላሳ አንድ ጊዜ ሲያነቡት ያቅለሸልሻል። ለሚስቴ እራት ላይ ነገርኳት። «ታዲያ ደራሲ ሆነሃላ» አለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ዓይኔ ቀላ። ምንም አላነበብኩም።

ዓርብ፣ የካቲት 7
ቁጥር 138። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ቆቡን የበሳው ጥይት አይደለም። አያቴ ናት፣ በምስማርና በመዶሻ።»

ከጦርነቱ በኋላ ቤታቸው ውስጥ ዕቃ የሚባል አልነበረም አለች። አያቷ የባሏን ቆብ በስታ ባቄላ ማጥለያ አደረገችው። ባልየው ድልድይ ላይ አልሞተም። በእግሩ ተመልሶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ቆቡ የጠፋባቸው የቀበሌ ሰዎች አሮጌ ብረት በጆንያ ሲሰበስቡ ነው።

የማረሚያው ደንብ ግልጽ ነው። «ከሙዚየሙ መግለጫ ጋር መስማማት» አርባ ነጥብ። በቀይ «ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ከአርባ ዜሮ። የሚቀጥለውን አነሳሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
ልጅቷ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። «ስምንተኛውን ስትጀምር ምስማሩ ተጣመመባትና ሰባት ላይ ተወችው» ትላለች። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያመጣል? የሚዋሽ ሰው ያሳምራል እንጂ ምስማር አያጣምምም። እኔ አሳምሬ ነበር…

ለዚህ ደብተር ያልነገርኩትን ለማን ልናገር። ሙዚየሙ ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ቆቡ የመጣው፣ ጆንያ ውስጥ፣ ከማንኪያና ከቁልፍ ጋር። ማን እንደሰጠው የሚናገር ወረቀት የለውም። መዝገቡ ላይ «ምንጭ» ከሚለው ሥር «ያልታወቀ» ብዬ ሞላሁ፣ እንደ ደንቡ። የያኔው አለቃዬ አይቶ፣ «ለእንግዳ ያልታወቀ ብሎ ነገር ይቀርባል? አንድ ነገር በልበት እንጂ» አለኝ። አልኩበት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ድልድዩንም የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 10
ጎብኚ ሳይገባ መስታወቱን ከፈትኩ። ጓንት አድርጌ ቆቡን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ቀዳዳዎቹ እኩል እኩል ተራርቀዋል… የጠላት ጥይት እንዲህ ሥርዓት አለው? ሃያ ሁለት ዓመት ጠዋት ማታ አጠገቡ አልፌያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም።

ጠርዙ ጋ አውራ ጣቴ ጎድጎድ ያለ ነገር ነካ። ያልተበሳ። ስምንተኛው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ለሥራ አስኪያጇ ነገርኳት። ቆቡ የውድድሩ ፖስተር ላይ አለ፣ የምስክር ወረቀቱ ላይ አለ፣ በሽልማቱ ዕለት የክብር እንግዳው የሚያደርጉት ንግግርም ስለ እሱ ነው። «ጋሼ፣ ለሁለት ወር ብለው ምን ውስጥ ይገባሉ? ስንብትዎን አሳምረን እየደገስን ነው እኮ።»

«ልጅቷስ?»

«ሌሎች ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ልጆች አሉ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ! ፈሪ ነኝ። ይህንን በገዛ እጄ ልጻፈው።

ማታ ለሚስቴ ነገሩን ሁሉ አጫወትኳትና፣ «ተይው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አልኳት። ሸሚዜን እያጠፈች ቀና ብላ አየችኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት አድሯል። ስንት ይደር?»

ሐሙስ፣ የካቲት 13
ውጤቱን አስረከብኩ። የ138ን ዜሮ ሰርዤ አርባ ሰጠኋት። አሸናፊውን ለሚመርጡት ዳኞችም አንድ ገጽ ጻፍኩ። መግለጫው ፈጠራ ነው፣ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይጠየቅበት። ፈረምኩበት።

ሥራ አስኪያጇ አንብባ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። አልተቆጣችም። ደክሟት ነበር። እኔም ደክሞኛል። «አሁን ምን ይሻላል ይላሉ?» አለችኝ።

«አያትየውን እንጥራቸው» አልኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 17
ልጅቷ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ስለ መስክ ስልክ የጻፈው ነው፤ እሱም መጥፎ አይደለም። የክብር እንግዳው ንግግራቸውን ቀየሩ አሉ። የእኔ ስንብት ደግሞ «ለጊዜው ይቆይ» ተብሏል። ገብቶኛል።

ሚስቴ፣ «አዲሱን ሱፍ ለሌላ ጊዜ ትለብሰዋለህ» አለች። ሌላ ጊዜ የት አለና… ከፋኝ። ብዙ ከፋኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22
ሽልማቱ ተሰጠ። አያትየው መጡ፣ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው። ለንግግሩም ለጭብጨባውም ደንታ አልሰጣቸው፤ ሲያበቃ በቀጥታ ወደ መስታወቱ ሄዱ። ከፈትኩላቸው። ቆቡን በባዶ እጃቸው አነሱት። በጓንት ነው የሚነካው ልል ነበር፤ ተውኩት። ገልበጥ አድርገው በጣታቸው ጠርዙን ዳበሱና ስምንተኛውን አገኙት።

«እሱ ነው ያጣመመው» አሉ። «ምስማሩን ልያዝልሽ ብሎ።»

ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህቺ ልጅ ጽሑፉን አንብባልኛለች። ይኸን ሁሉ ዓመት ድልድይ ላይ ገድላችሁት ነበር?»

«እኔ ነኝ እናቴ። ሌላ ሰው የለበትም። ይቅር ይበሉኝ።»

ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች።

«በል እንግዲህ» አሉኝ። «የገደልከው አንተ ከሆንክ፣ አንተው መልሰው።»

ሰኞ፣ የካቲት 24
አዲሱን መግለጫ ጻፍኩ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ፣ አራት ወረቀት ቀደድኩ። ሥራ አስኪያጇ መጥታ በትከሻዬ በኩል አነበበችና አንድም ቃል ሳትቀይር ፈረመችበት። መዝገቡንም አውጥቼ «ያልታወቀ» የሚለውን ሰረዝኩ።

ሊዘጋ ሲል አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን ለጠፍኩ። ዘበኛው ቁልፉን እያንቃጨለ ይጠብቀኛል። ድካሙ አልለቀቀኝም፤ ትከሻዬ ግን ቀለል ብሎታል። መነጽሬን ጠርጌ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት።

«የወታደር የብረት ቆብ። ሰባቱን ቀዳዳ የበሱት ሚስቱ ናቸው፣ ለባቄላ ማጥለያ። ስምንተኛው ሳይበሳ የቀረው፣ ምስማሩን ልያዝልሽ ብሎ እሱ ስላጣመመው ነው። ከጦርነቱ በሰላም ተመልሶ ቤቱ ገብቷል።»